ስም ሲጠራ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከሩቅ የመጣችሁ እንግዶች፣ ከኋላ ወንበር ላይ ስልካችሁን የምትነካኩ ልጆችም ጭምር፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

የጥሪው ወረቀት ላይ ዘጠኝ ሰዓት ብለን ጽፈን ነበር። አሁን አሥር ሰዓት ከሃያ ነው። ማንንም አልወቅስም፤ እኔ ራሴ የደረስኩት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ወጥ ቤት ያሉት እህቶቻችን ደግሞ "እንጀራው ሳይደርቅ ጨርስ" ብለውኛልና ወደ ጉዳዬ ልግባ። የሒሳቡንና የሥራውን ሪፖርት ሌሎች ያቀርባሉ። እኔ የመጣሁት በአንድ ነገር ነው፤ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይቀራሉ፤ እኛም አናውቅም።

መጀመሪያ ስለምንኖርባት ከተማ ትንሽ ልበል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ዲትሮይት በ1950 ሲቆጠር 1,849,568 ሰው ነበራት። በ2020 ሲቆጠር 639,111 ሆነ። ከሦስት ሰው ሁለቱ የለም ማለት ነው። ቁጥሩን በወረቀት ከማየት ግን ብሎኩን ማየት ይሻላል። እኔ ቤቴን ስገዛ በእኛ በኩል አሥራ አራት ቤት ነበር። ዛሬ ስድስት ቀርተናል። በፈረሱት ቤቶች ቦታ ሣር በቅሎ፣ ቆቅ የምትመስል ረጅም ጅራት ያላት ወፍ ጠዋት ጠዋት እንደ ባለ ርስት እየተንጎራደደች ትሄዳለች። ባለቤቴ "ከገጠር ወጥተን ገጠር ገባን" ትላለች።

ሃይላንድ ፓርክን ታውቃላችሁ። በዲትሮይት መሐል የተከበበች፣ ራሷን የቻለች ትንሽ ከተማ። ፎርድ በ1913 ተንቀሳቃሹን የመኪና መገጣጠሚያ መስመር የጀመረው እዚያ ነው። በ1914 "በቀን አምስት ዶላር" ብሎ ሲያውጅ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በሩ ላይ ተኮለኮለ። በ1930 ወደ 53 ሺህ ሰው ይኖርባት ነበር። በ2020 ግን 8,977። በ2011 ከተማዋ የመብራት ዕዳዋን መክፈል ስላቃታት የኤሌክትሪክ ኩባንያው መጥቶ ከሺህ በላይ የመንገድ መብራቶች ነቀለባት። በ2015 ደግሞ የመጨረሻው የሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷ ተዘጋ። ዓለሙን ሁሉ መኪና መገጣጠም ያስተማረች ከተማ፣ ልጇ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የምታስገባበት አጣች። እኔ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይህ ነገር ይከነክነኛል።

ሰው ለምን ሄደ? ፋብሪካው ቀድሞ ሄደ፤ ገና በሃምሳዎቹ ወደ ዳርቻውና ወደ ሌሎች ግዛቶች። አውራ ጎዳናው ተሠራ፣ ነጩ ነዋሪ ቤቱን እየሸጠ ወጣ። በ1974 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ወሰነ፤ ጥቁርና ነጭ ልጆችን አብሮ ለማስተማር የሚደረገው ድልድል የከተማዋን ወሰን ተሻግሮ የዳርቻውን ትምህርት ቤቶች ሊነካ አይችልም አለ። የከተማዋ ወሰን ከሆነው ከኤይት ማይል መንገድ ወዲያ ያለው ወዲያ፣ ወዲህ ያለው ወዲህ። ከዚያ በኋላ ለልጁ ያሰበ ሁሉ፣ ጥቁሩም ጭምር፣ አቅም ባገኘ ቁጥር መንገዱን ተሻገረ።

እኛስ? ዳርቻው ላይ፣ ሳውዝፊልድ፣ ትሮይ፣ ኖቫይ ቤት የገዛችሁ ለግቢው ስፋት ብላችሁ አልገዛችሁም። እኔም ከተማ ውስጥ የቀረሁት በጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ጊዜ ቤት አይቼ ቅድሚያ ክፍያው አልሞላልኝ ብሎ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከ1994 ጀምሮ በግዛታችን በሚሺጋን የትምህርት ቤት ገንዘብ ልጁን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ልጁ ቻርተር ትምህርት ቤት፣ ማለትም በመንግሥት ገንዘብ ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ከገባ እዚያ ይከተለዋል፤ ወደ ዳርቻ ከሄደም እንዲሁ። ስንት ልጅ እንዳለ የሚታወቀው ደግሞ በመቁጠሪያው ቀን፣ በኦክቶበር የመጀመሪያው ረቡዕ ነው። ዘጠና በመቶው የሚሰላው በዚያ ቀን ነው፤ የቀረው አሥር በመቶ በፌብሯሪ። የኦክቶበሩ ማለት ከፊታችን ያለው ረቡዕ ነው። ልጆቻችሁ "ረቡዕ ፒዛ አለ" ካሏችሁ ነገሩ ይኸው ነው፤ በዚያ ቀን ማንም እንዳይቀር ነው። በስልሳዎቹ አጋማሽ የከተማዋ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ነበራቸው፤ ዛሬ 50 ሺህ አካባቢ ነው። ከ2000 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ወደ 200 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በ1999 ግዛቱ አስተዳደሩን ከከተማዋ ወሰደ፣ መለሰ፤ በ2009 እንደገና ወስዶ እስከ 2016 በሹመኛ አስተዳደረ። አንድ ልጅ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ ሦስት ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ሊያገኙት ይችላሉ።

ይህን ሁሉ የምቆጥረው ለምንድን ነው? አባቴ እጄን ይዞ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ያደረሰኝ ቀን ለመምህሩ ያለው ትዝ ስለሚለኝ ነው። "ዓይኑን ብቻ ተጠንቀቁልኝ፤ ሌላው የእናንተ ነው" አለ። ከእኔ በዕድሜ የምትቀራረቡ ሁሉ ይህን ሰምታችኋል። በዚህ ንግግር አባቴ ግዴታውን ጨረሰ። ደብተርና ጫማ ገዛ፣ በዓመቱ መጨረሻ ካርዱን አየ፣ አበቃ። ጥፋት አልነበረበትም፤ የተረከበኝ ሰው ነበረና። መምህሩ ከእኛ ቤት ሦስት አጥር አልፎ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ፎርፌ ወንዝ ዳር ስዋኝ ውዬ ስመለስ ወሬው ከእኔ ቀድሞ እቤት ገብቶ አርጩሜው ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

እዚህ ግን ለማን ነው የምናስረክበው? አስተማሪዋ አርባ ደቂቃ ነድታ ነው የምትመጣው። ርዕሰ መምህሩ አምና የነበረው አይደለም። ሕንፃው ራሱ በሚቀጥለው ዓመት ስለመኖሩ ማንም ዋስ አይሆንም። እኛ ግን ዛሬም "ዓይኑን ብቻ" ብለን ጥለን ወደ ሥራ እንሮጣለን።

ስለ ሌላ ሰው ከማውራት የራሴን ልናገር። አምና አንድ ቁጥር ሁልጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይደውልልኝ ነበር። ሌሊት ሠርቼ የምተኛበት ሰዓት ነው። አንዴ አነሣሁት፤ ማሽን በእንግሊዝኛ ይለፈልፋል። የመኪና ኢንሹራንስ የሚሸጡ መስሎኝ ቁጥሩን ዘጋሁት። በማርች የወላጆችና የመምህራን ቀን ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ሥራ ስለነበረባት ነው የሄድኩት። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። የሒሳብ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ብስኩት ደርድሮ፣ ለወላጅ ያዘጋጃቸው ወንበሮች ባዶ ሆነው፣ ብቻውን ተቀምጧል። ስሜን ስነግረው ደስ አለው፤ "ዛሬ የመጡ አራተኛው ወላጅ ነዎት" አለኝ። ከዚያ ወረቀት አወጣ። ልጄ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ሃያ ስድስት ቀን አልገባም። አውቶቡሱ ይዘገያል፣ ልጁ ዘግይቶ መግባት ያፍራል፣ ስለዚህ ውጭ ቆሞ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ይጠብቃል። ያ የዘጋሁት ቁጥር የትምህርት ቤቱ ነበር። ብስኩቱን አንዱን በላሁ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ።

ሕጉ እንዲህ ነው። ልጅ ከትምህርት ቀኑ አሥር በመቶውን ከቀረ "በተደጋጋሚ የሚቀር" ተብሎ ይመዘገባል። ዓመቱ 180 ቀን ነው፤ ስለዚህ 18 ቀን። በወር ሁለት ቀን ማለት ነው፤ ብዙ አይመስልም። በ2023–24 የዲትሮይት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከሦስት ተማሪ ሁለቱ ያህል በዚህ መዝገብ ውስጥ ነበሩ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሁለት ሳምንት ሳይቀሩ ለገቡ 200 ዶላር መክፈል ተጀመረ። እኔ ስሰማ ተናድጄ ነበር፤ ለመማር ይከፈላል እንዴ? በኋላ ግን ሌሊት አምስት ሰዓት ከበርገር ቤት ወጥቶ ጠዋት የሚነሣውን ልጅ አሰብኩ። እናቱ የቤት ኪራይ ከእሱ የምትጠብቅ ልጅ አለ። ስለዚህ አልሳለቅም።

ወላጅን ብቻ የሚወቅስም ሰው ካለ አልሰማውም። የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ዓመታት ሠርተዋል፤ መቅረቱን ከድህነት፣ ከአስም በሽታ፣ ከባዶ ቤቶች ብዛት፣ ከብርዱም ጋር አያይዘውታል። የሁለተኛ ደረጃ ልጆች የትምህርት ቤቱን ቢጫ አውቶቡስ አያገኙም፤ ከሠራተኛው ጋር ተጋፍተው የከተማውን አውቶቡስ ነው የሚይዙት። በ2016 የዲትሮይት ተማሪዎች "ማንበብ እንኳ አላስተማራችሁንም" ብለው የግዛቱን ባለሥልጣናት ከሰሱ። በ2020 በስምምነት ተቋጨ፤ በ2023 የግዛቱ ምክር ቤት 94.4 ሚሊዮን ዶላር መደበበት። ልጆች ፍርድ ቤት እስኪሄዱ ድረስ የቆየ በደል ነው።

ይሁንና በእኛ እጅ ያለው ደግሞ አለ፤ ስለዚህ ልንነጋገር ይገባል። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት እንሄዳለን። ዲሴምበር 15 ወጥቶ ጃንዋሪ 25 የሚመለስ ልጅ፣ የፈረንጆቹ ገና ዕረፍት ሁለት ሳምንት ቢሸፍንለት፣ የቀረው አራት ሳምንት ነው። አሥራ ስምንቱ ቀን በአንድ ትኬት አለቀ። አያቱን አይይ፣ ታቦት አይሸኝ አልልም። ክረምቱ ላይ ግን ሁለት ወር ተኩል ዕረፍት አላቸው፤ ዝናብ ነው ካላችሁኝ ዝናብም አገር ነው፣ ይዩት።

ሁለተኛ፣ ሴት ልጆቻችንን ለአስተርጓሚነት ከክፍል እያወጣን ነው። አያት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ሲኖራቸው የአሥር ዓመቷ ልጅ ትሄዳለች፤ ስለ ስኳርና ስለ ኩላሊት እሷ ትሰማለች፣ የሚያስደነግጠውን እየዘለለች ትተረጉማለች። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጠሮ ስትይዙ "አማርኛ" በሉ፤ በስልክም ቢሆን ያቀርባሉ።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም ነው። ልጅ ስናስመዘግብ "ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምንድን ነው?" የሚል ቅጽ ይሰጡናል። ብዙዎቻችን "እንግሊዝኛ" ብለን እንጽፋለን፤ ልጁ ዝቅ ያለ ክፍል እንዳይገባብን ፈርተን። እቤት ግን "ና፣ ብላ፣ ዝም በል" በአማርኛ ነው። ከዚያ ማስታወቂያው በአማርኛ አይመጣም ብለን እናማርራለን። ሃምትራምክን እዩ፤ እሷም እንደ ሃይላንድ ፓርክ በዲትሮይት የተከበበች፣ የዶጅ መኪና ፋብሪካው በ1980 የተዘጋባት ከተማ ናት። የየመንና የባንግላዴሽ ሰዎች ገቡባት፤ ከ2010 እስከ 2020 ከ22,423 ወደ 28,433 አደገች። እነሱ ቋንቋቸውን ይጽፋሉ። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ወረቀት በአረብኛና በባንግላ ይመጣላቸዋል። እኛ ራሳችንን ሳናስቆጥር ማን ይቁጠረን?

አሁን ሐሳቤ። ይህ ማኅበር ሲመሠረት በዕድር ነው የጀመረው። ሰው ሲሞት ሌሊት ስምንት ሰዓት ተደውሎ፣ ጠዋት ወንበሩም ቡናውም ደርሶ እናያለን። ለቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ሁለት ጊዜ የቀረ ይጠየቃል። ለሞተ ሰው ይህን ያህል ተራ ካወጣን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ላመለጠው ልጅ ለምን ተራ አናወጣም? ኡበር የምትነዱ አላችሁ፣ የሌሊት ሺፍት ወጥታችሁ በዚያው ሰዓት የምታልፉ አላችሁ። በየሠፈሩ አራት አራት ቤተሰብ፣ በየሳምንቱ አንድ ተረኛ። ማርፈድ ግን እንደ ዛሬው አይሆንም፤ ደወሉ እኛን አይጠብቅም።

ሌላው ቀላል ነው። የልጃችሁን ትምህርት ቤት ቁጥር አሁን፣ እዚሁ ተቀምጣችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። የዘጋችሁት ካላችሁ ክፈቱት። እንዴት እንደሚከፈት የማታውቁ ከኋላ ያሉትን ልጆች ጠይቁ፤ ዛሬ አስተርጓሚ እንዲሆኑ ተፈቅዷል።

ስለዚህ ጉባኤውን የምንከፍተው በስም ጥሪ ነው። ጸሐፊያችን መዝገቡን ይዘዋል። ስማችሁ ሲጠራ ልጃችሁ የት ትምህርት ቤት እንደሚማር፣ ክፍሉን የሚይዘው ወይም የምትይዘው መምህር ማን እንደሆነ ትናገራላችሁ። የማያውቅ "አላውቅም" ይበል፤ ቅጣት የለም፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ብቻ። እኔ ሊቀ መንበር ስለሆንኩ ከመጨረሻ ልጠራ ብዬ ነበር፤ ጸሐፊያችን እምቢ ብለው በፊደል ተራ ነው አሉ፣ በፊደል ተራ ደግሞ የመጀመሪያው የእኔ ስም ነው።

አቤት።