ሄደው አይተዋል?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ጠፋሽ ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። አባቴ አርፎብኝ ነው። አርባው ባለፈው ሳምንት ወጣ።

87 ዓመት ኖረ። 32ቱን በመምህርነት። ጂኦግራፊ ነበር የሚያስተምረው፤ መጀመሪያ ዋድላ፣ ከዚያ ደሴ። ለቅሶ የደረሰው ሰው ሁሉ መንገድ እንደሚወድ ሲያወራ ሰነበተ። እውነት ነው፣ ይወድ ነበር። መንገድ የጀመረው ግን በአንድ ውሸት ነው። ራሱ ነው ደጋግሞ የነገረን።

1954 ዓ.ም. ነው። ገና 24 ዓመቱ ነው፤ ዋድላ ከተመደበ አንድ ዓመቱ። ሰሌዳው ላይ የወሎን ካርታ ስሎ ስለ ገበያ ያስተምራል። ባቲ ሰኞ ሰኞ ይቆማል፣ አፋሩ ከቆላ ይመጣል፣ ደገኛው እህል ይዞ ይወርዳል፣ እያለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ሄደው አይተዋል?»

«አዎ» አለ አባዬ። አላየም። መጽሐፍ ላይ ነው ያነበበው።

ልጁ ግን አልተቀመጠም። «ታዲያ ያ ሁሉ ግመል የት ይታሰራል?»

አባዬ የመጣለትን መለሰ። እንጨት ላይ ነው፣ ግንድ ላይ ነው፣ ምን እንዳለ እንኳ አያስታውሰውም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደውም። ጫማ የሌለው ልጅ፣ ስንት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ፣ አምኖት ደብተሩ ላይ ጻፈው። ይሄ ነው ያንገበገበው።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ተነሳ። በእግር፣ በጭነት መኪና፣ እንደገና በእግር። እሑድ ማታ ባቲ ገባ። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ገበያው ውስጥ ዋለ። ለካ ግመል ግንድ ላይ አይታሰርም። ይንበረከክና የፊት እግሩን አጥፈው በገመድ ይጠፍሩታል። ተነስቶ የትም አይሄድም። አባዬ ይህን ሲያወራ የራሱን ክንድ አጥፎ ያሳየን ነበር።

ዋድላ ተመልሶ ልጆቹ ፊት ቆመ። «ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ። አሁን ግን አይቻለሁ» አላቸው። በዚያ ዘመን መምህር ተማሪ ፊት ቆሞ ዋሸሁ አይልም። እሱ አለ። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያላየውን አየሁ ብሎ አስተምሮ አያውቅም። እኛ አምስት ልጆች ስንመጣ ደግሞ አንድ ሕግ ጨመረ። በየዓመቱ፣ በሴሚስተር እረፍት፣ አንድ ልጅ ብቻ ይዞ ይወጣል። በተራ። አምስት ስለሆንን ተራ የሚደርሰው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ለልጅ ያ ዘላለም ነው። ግን አንዴ ሲደርስሽ አባትሽ የአንቺ ብቻ ነው። ወንድም የለ፣ እህት የለ፣ የሚታረም ፈተና የለ።

ታላቅ ወንድሜ ይስማ ንጉሥ ደረሰው፣ ውጫሌ። የ1881ዱን ውል አንቀጽ 17 እዚያው ሜዳው ላይ ቆሞ በቃሉ እንዲል አድርጎታል። እህቴ መቅደላ ሄደች። እስከ አጅባር በመኪና፣ ከዚያ በእግር። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ አምባው ላይ ተቀምጧል፣ 7 ቶን ገደማ ነው። እጇን ብረቱ ላይ አስደግፎ «ግፊው» አላት። ገፋች። ንቅንቅ አላለም። «ከጋፋት እዚህ ድረስ የጎተቱት ሰዎች ናቸው» አላት። ሌላ ምንም አልጨመረም። እህቴ ዛሬ ስለ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ሲወራ የዚያ ብረት ቅዝቃዜ መዳፏ ላይ እንደሚመጣባት ትናገራለች።

የእኔ የመጀመሪያ ተራ በ9 ዓመቴ ነው፣ ባቲ። ከደሴ ስንነሳ ሁለት ሹራብ ደርቦልኝ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንደርስ አንዱን አስወለቀኝ። ባቲ ስንገባ በሸሚዝ ቀረሁ፣ ላብ በላብ ሆኜ። ሹራቦቹን ክንዱ ላይ ጥሎ «1,000 ሜትር ያህል ወርደሻል» አለኝ። ደጋና ቆላ ምን እንደሆነ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገውም።

በ1977 ጉዞ አልነበረም። የታናሽ ወንድሜ ተራ ነበር። ለመንገድ የተቀመጠችው ገንዘብ ወደ እህል ሄደች፤ ቤታችንም በዘመድ ሞልቶ ነበር። ስለዚያ ዓመት አባዬ አያወራም፤ እኔም ዛሬ አልገባበትም።

እናቴስ? ይህን ሳልል ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። እማዬ አልሄደችም። በሶውን የምትፈጭ፣ ዳቦ ቆሎውን የምታዘጋጅ፣ የቀሩትን አራቱን የምትይዝ እሷ ነበረች። «ስንቁ እኔ ነኝ» ትል ነበር እየሳቀች። ልጅ ሆኜ አብሬያት እስቅ ነበር። እናት ከሆንኩ በኋላ ግን ያ ሳቅ ሌላ ሆኖ ታየኝ። አባዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ይህን ግን ዘግይቶ ነው ያየው። በ1985 ጡረታ ሲወጣ የመጀመሪያውን ተራ ለእሷ ሰጣት። የት እንደምትፈልግ አልጠየቃትም፤ ያውቃል። ግሸን ማርያም። መስከረም 21 ቀን፣ ከዚያ ሁሉ ምእመን ጋር፣ የመስቀል ቅርጽ ያለውን አምባ በእግራቸው ወጡ። ጎረቤታችን ኢትዬ ሙስሊም ናቸው፤ ቤቱን ከፍተው፣ ቡና አፍልተው፣ ዱአ አድርገው ነው የተቀበሏቸው። ያን ቀን ስንቁን ያዘጋጀው አባዬ ነው። እማዬ እስክትሞት ድረስ በሶው አሸዋ ነበረው ትለው ነበር።

አንድ ያልመረጠው ጉዞም አለ። በ2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ሲደርስ ከደሴ ወጣን። 84 ዓመቱ ነበር። መኪናው ውስጥ ማንም አይናገርም። እሱ ብቻ የልጅ ልጆቹን እየጠራ ይጠይቃል። ይሄ ሐርቡ ነው፣ ይሄ ከሚሴ ነው፣ ከዚህ ቀጥሎ ማን ይነግረኛል? ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ እያለ ጣርማበርን አስወጣቸው። ልጆቹ ዛሬም መንገዱን ያስታውሳሉ፤ ፍርሃቱን ግን ብዙም አያነሱትም።

ሁለተኛው ተራዬን ሆን ብዬ ወደ መጨረሻ ትቼው ነው። በ14 ዓመቴ፣ ሐይቅ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አባዬ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሲያስተምር ድምፁ ይለወጥ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። የመምህራን መምህር ይላቸው ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ግን ሴት አይገባም ተባልኩ። የወንድ ገዳም ነው። አባዬ ያንን ያውቃል። ለምን እዚህ እንዳመጣኝ አልገባኝም፤ ተናደድኩ። «ግባ፣ እኔ እጠብቅሃለሁ» አልኩት። አልገባም። ከውሃው ዳር ድንጋይ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ዳቦ ቆሎ በላን። ስለ ውስጡ ስጠይቀው «አላየሁም» አለኝ።

ከዚያም በኋላ አላየም። ደሴ ተቀምጦ፣ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ ሳይሆን፣ አርባ ዓመት ሊሞላ። ስንጠይቀው «ያኔ አልገባሁም እኮ» ይለናል፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል።

ከማረፉ ከጥቂት ወራት በፊት እኔና ልጄ ወሰድነው። በልቤ ዛሬ አስገባዋለሁ ብዬ ነው። ልጄ ክንዱን ይዞ በሩ ድረስ አደረሰው። አባዬ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ከዘራውን ወደ ውሃው ዳር አዞረ። መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ልጄ ብቻውን ገባ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። እኛ ብዙም አላወራንም። ቀዝቀዝ ሲል ሹራቤን አውልቄ ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት።

ልጄ ሲወጣ አባዬ ቀና አለ።

«አየኸው?»

«አየሁት አባባ።»

«እኔና እናትህ አላየንም። ተቀመጥና ንገረን። ከበሩ ጀምር።»