ስልኩን መጀመሪያ የነካው እጅ
(ለአዲስ መርማሪ ፖሊሶች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ?

ዛሬ የምናወራው ስለ ስልክና ካሜራ ማስረጃ ነው። የላብራቶሪውን ሥራ ለባለሙያዎቹ ልተወውና ማስረጃው እጃችን ስለሚገባባት የመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት ላውራችሁ።

ከተጠርጣሪ ኪስ ስልክ ወጣ እንበል። እጃችን ይቸኩላል። ቴሌግራሙን እንከፍታለን፣ ፎቶውን እናገላብጣለን። ያኔ ያልተነበበው መልእክት ተነበበ። ጠበቃው በኋላ «ማን ከፈተው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ደግሞ እኛው ነን። አደራ፣ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ባለሙያ እስኪደርስ አትክፈቱት። ጠፍቶ ካገኛችሁት አታብሩት። በርቶ ካገኛችሁት አታጥፉት፤ አንዴ ከጠፋ ያለ ፓስዎርድ መግባት በጣም ይከብዳል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉትና ያደረጋችሁትን ጻፉ። ያለበለዚያ ተባባሪው ሌላ ቦታ ቁጭ ብሎ በኢንተርኔት ውስጡን ሊያጸዳው ይችላል። የማስረጃ ዕቃ የሚቀመጥበት ኤግዚቢት ክፍል ስታስረክቡም ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ፣ በስንት ሰዓት የሚለው በፊርማ ይያዝ።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ እኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምስክሯ «ከቀኑ 8 ሰዓት ከ20 ላይ አየሁት» ትላለች። የሱቁ ካሜራ 14:20 ይላል። ከስልኩ የወጣው ጥሬ መረጃ ደግሞ 11:20 ሊል ይችላል፤ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ሦስቱም ልክ ናቸው። ይህን ያላስረዳ መዝገብ ግን ችሎት ፊት እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ሌሊት ሲሆን ይብሳል። ሰው «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ያለውን ስልኩ ረቡዕ 01:00 ብሎ ሊይዘው ይችላል። ካሜራው ራሱ ሰዓቱ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ቅጂ ከመውሰዳችሁ በፊት ከስልካችሁ ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ ልዩነቱን በደቂቃ ጻፉ። ቀላል ሥራ ነው፤ ግን ንጹሕ ሰው ከእስር የሚተርፈው በእሱ ሊሆን ይችላል።

ካሜራ ደግሞ አይጠብቅም። ዲስኩ ሲሞላ በድሮው ላይ ይቀዳል። «ነገ እመለሳለሁ» አትበሉ። የኮምፒውተር ወንጀል ስትመረምሩ አዋጅ ቁጥር 958/2008 እጃችሁ ላይ አለ፤ መረጃው ይጠፋል ብላችሁ ከሠጋችሁ ባለቤቱ ለ3 ወር እንዲጠብቀው በጽሑፍ ማዘዝ ትችላላችሁ። ቅጂውን እንደወሰዳችሁ ሃሹ ይሰላ። ሃሽ የፋይሉ የጣት አሻራ ነው፤ ከቪዲዮው አንዲት ነገር ብትነካ ቁጥሩ ይቀየራል።

የመጨረሻው ነገር ልቤን የሚነካኝ ነው። ልጇን በመልእክት የሚያስፈራሩባት እናት ጣቢያ ትመጣለች። ስክሪንሾት ታሳያለች። ወረቀቱን ብቻ ተቀብላችሁ አትሸኟት፤ «ተቀነባብሯል» ለሚል ሰው በር ይከፍታል። ዋናው መልእክት ያለው ልጅቷ ስልክ ውስጥ ነው። ብዙዎች ከድንጋጤ የተነሳ ቤት ሲገቡ ይሰርዙታል። ወንበር ስጧት፣ ውሃ ስጧት፣ ከዚያ ቻቱን እንዳያጠፉት ንገሯት።

አመሰግናለሁ።