ቆሎ ይዘን የገባንበት ስታዲየም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ የማኅበራችን አባላት፣ ከቦስተን ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችንም፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

ከሪፖርቱ በፊት ስለ አንድ የፈረሰ ስታዲየም ላውራችሁ ነው። ጸሐፊያችን «አጀንዳው ላይ የለም» ብሎኛል። አለ እንጂ፤ ሦስተኛው ነጥብ «የሰመር ጉዞ» ይላል። የእኛ የሰመር ጉዞ ደግሞ ለዓመታት አንድ ቦታ ነበር፤ ሮድ አይላንድ፣ ፓታኬት ከተማ፣ ማኮይ የቤዝቦል ስታዲየም።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ስለ ቤዝቦል የማውቀው ነገር አልነበረም። አብሮኝ የሚሠራ ሰው ሁለት ትኬት ሰጠኝና ከጋሼ ጋር ሄድን። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላውን ያወዛውዛል፣ የቀረው ቆሞ ያያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋሼ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ጎሉ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው! በሚቀጥለው ጊዜ ግን ኪሳቸውን ቆሎ ሞልተው መጡ። ፈረንጁ ኦቾሎኒ እየፈለጠ ለሚያየው ጨዋታ ቆሎ ምን ያንሰዋል?

ልጆቻችን የወደዱት «ማጥመዱን» ነበር። የተጫዋቾቹ መቀመጫ ከተመልካቹ እግር ሥር ስለነበር ፊት ለፊት አይገኙም። ልጆቹ የወተት ፕላስቲክ ጎኑን ቆርጠው፣ ኳስና እስክሪብቶ ከተው፣ በገመድ ቁልቁል ይለቁታል። ተጫዋቹ ፈርሞ ይመልሳል፣ ልጁ ይስባል። አንዷ እናታችን አይተው «ይኼማ ደብረ ዳሞ ነው!» ያሉት እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ቡድኑ ፓውሶክስ የቦስተን ሬድ ሶክስ ማሳደጊያ ነበር። እዚያ ያየነው ልጅ ጥሪ ሲደርሰው የሬድ ሶክስ ሜዳ ፌንዌይ ይገባል፤ ካልቀናው ተመልሶ ይመጣል። አገር ቤት መምህር ሆኖ እዚህ ፓርኪንግ የሠራ ሰው ያንን ጥሪ መጠበቅ ምን እንደሆነ ለማወቅ የቤዝቦል ሕግ አያስፈልገውም። እኔ ጨዋታውን የወደድኩት በዚህ በኩል ነው።

ያገሬው ሰው ደጋግሞ የሚያወራልን አንድ ጨዋታም አለ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 1981፣ የፈረንጆቹ ፋሲካ ዋዜማ ነው። በ9 ዙር ያልቃል የተባለው ፓውሶክስ ከሮቼስተር ቡድን ጋር ያደረገው ግጥሚያ 32 ዙር ሄዶ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ሳይለይለት ቆመ። ብርዱ ጠንቶ ተጫዋቾቹ የተሰበረ ዱላ በበርሜል እያነደዱ ይሞቁ ነበር። እስከዚያ የቆየው ተመልካች 19 ሰው ብቻ ነው። ጁን 23 ተመልሰው በ18 ደቂቃ ጨረሱት፤ ፓታኬት 3 ለ 2 አሸነፈ። በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ከዚህ የረዘመ ጨዋታ የለም። አንድ ዲያቆናችን ይህን ሲሰማ «19 ብቻ? ለፋሲካ ሌሊት እኛን ቢጠሩን ኖሮ!» አለ።

እ.ኤ.አ. በ1942 የተከፈተው ስታዲየም የመጨረሻውን የሊግ ጨዋታ ያስተናገደው በ2019 ነው። በ2020 ኮሮና መጣ፤ በ2021 ቡድኑ ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር ከተማ ገባ። በ2025 ሕንፃው ፈረሰ፤ ቦታው ለከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሰጥቷል።

የእኛም ጉዞ ያኔ ቀረ። መጀመሪያ በኮሮና አሳበብን፣ ቀጥሎ «ዉስተር ሩቅ ነው» አልን። 40 ማይል ገደማ ነው፤ ለሠርግ ዋሽንግተን ድረስ የሚነዳ ሕዝብ ይህን ሩቅ አይልም። የቀረው እኔ ስላላዘጋጀሁት ነው፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሒሳብ ሹማችን የአውቶቡሱን ዋጋ ይዞ መጥቷል፤ የባሕር ዳርቻ ይሻላል የምትሉም ተራችሁን ጠብቃችሁ ተናገሩ። የእኔ ድምፅ ለዉስተር ነው። ጋሼም ፊት ወንበር ላይ ናቸው፤ ቆሎው በእሳቸው በኩል ነው።

ጉባኤው ተከፍቷል። ጸሐፊ፣ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ አንብብልን።