አደገኛዋ አሮጊቷ ትንኝ ናት

የዛሬ እንግዳችን በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን የሚያጠኑ ተመራማሪ ናቸው። ከደወሉልን አድማጮች ጥያቄዎች ጥቂቶቹን ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ለመናቅ አይደለም፤ ግን ሐኪም እያለ የትንኝ ተመራማሪ ለጤና ምን ይሠራል?

መልስ፦ ኧረ ምንም አይደል፣ ዘመዶቼም ይጠይቁኛል። ሐኪሙ የሚያገኝዎት ከታመሙ በኋላ ነው። እኛ በሽታው የሚመጣበትን መንገድ ነው የምንከታተለው። ድሮ ወባን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 ብሪታንያዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ የትንኝ ሆድ ከፍቶ ሲመረምር የወባን ተውሳክ አገኘ።

ደግሞ ሁሏም ትንኝ አታስተላልፍም። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት። ተውሳኩን ከበሽተኛ ከወሰደች በኋላም እሷ ውስጥ አድጎ ለመተላለፍ 10 ቀን ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ያን ያህል አይቆዩም። ስለዚህ የምንፈራው አሮጊቷን ነው። ዕድሜዋን እንዴት ታውቃላችሁ ካሉኝ፣ እንቁልጢዋን፣ ማለትም እንቁላል የሚፈጠርበትን አካሏን፣ አውጥተን በማይክሮስኮፕ እናያለን። እንቁላል ጥላ በማታውቀው ላይ ቀጫጭኖቹ የአየር ቱቦዎች እንደ ክር ተጠቅልለው ይታያሉ። አንዴ ከጣለች ይዘረጋሉ፤ ተመልሰው አይጠቀለሉም። በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ትልቁ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው፤ ትንኟን ሳታረጅ ይቀጫታል።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ አጎበር ውስጥ ነው የምተኛው። ታዲያ ይሄ ዴንጊ የሚባለው ትኩሳት እንዴት ያዘኝ?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት። የዴንጊዋ ትንኝ ኤደስ ትባላለች፤ በብዛት የምትነክሰው ቀን ነው። የወባዋ ናት ማታ የምትመጣው። ኤደስ በርሜል፣ ባልዲ፣ አሮጌ ጎማ ውስጥ ትራባለች። እንቁላሏን ከውሃው ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ናቸው። ውሃው ቢደርቅም ለወራት ይቆያሉ። ስለዚህ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። የበርሜሉን ውስጥ በደንብ ፈግፍጉት፤ ክዳኑም ይገጠም።

ጥያቄ፦ ቤታችን ተረጭቶ ትንኞቹ ምንም አልሆኑም። መድኃኒቱን በውሃ አቅጥነውት ይሆን?

መልስ፦ ሰው ከመጠርጠር በፊት ትንኟን እንፈትሽ። ኬሚካል የተቀባ ወረቀት ያለበት ቱቦ ውስጥ ለ1 ሰዓት እናቆያቸዋለን፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱትን እንቆጥራለን። ከ100 ትንኞች 98ና ከዚያ በላይ ከሞቱ ኬሚካሉ ይሠራል። ከ90 በታች ከሆኑ ተላምደውታል፤ ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር ነው። ይህን ሳይፈትሹ መርጨት ገንዘብ መበተን ነው።

ጥያቄ፦ ትንኝ ኤችአይቪ ታስተላልፋለች?

መልስ፦ በፍጹም። ቫይረሱ ትንኝ ውስጥ አይራባም፤ ከጠጣችው ደም ጋር ይፈጫል። ስትነክስዎት የምትለቅብዎትም ምራቋን እንጂ ከሌላ ሰው የመጠጠችውን ደም አይደለም።