ክዳኑን እንዳታጠብቀው

እሺ... ሰላም ናችሁ። ድምፄ ከተዘጋባችሁ የኮሶበር ብርድ ነው። ፋሲካን እዚያ እምዬ ጋ ውዬ ባሕር ዳር ተመልሻለሁ። ስለ ዶሮው አላወራም። ስለ እንጀራ እርሾው ነው የማወራው፤ በተበላሸው እንጀራዬ «ካርታ ጋጋሪው መጣ» የምትሉ ሳቁና ጨርሱ፣ እጠብቃለሁ።

«ክዳኑን እንዳታጠብቀው።» እንዲህ ነው ያለችኝ። መናኸሪያው በር ላይ፣ ረዳቱ «ባሕር ዳር፣ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ፣ እምዬ የሊትር ተኩል ሃይላንድ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። ግማሹ እርሾ፣ ግማሹ ባዶ። ባዶውን ሆን ብላ ነው የተወችው። እርሾ እየፈላ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ መሄጃ ይፈልጋል። እሺ አልኳት። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ ያሉት እናት ነጭ በነጭ ለብሰዋል። አየሁዋቸው። አጠበቅሁት።

እስከ ዳንግላ ደህና ነበር። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ግን ሙቀቱ ይጨምራል። ዱርቤቴ ላይ ጠርሙሱን ስነካው ድንጋይ ሆኗል። እዚህ ጋ መደረግ የነበረበት፦ በጨርቅ ይዞ ክዳኑን በጣም ትንሽ መፍታት፣ «ፍሽሽ» ሲል መልሶ መያዝ፣ እንደገና ትንሽ መፍታት። የተናወጠ ለስላሳ እንደምትከፍቱት። እኔ ግን አንዴ አዞርኩት። መራዊ ሳንደርስ ሚኒባሱ ሙሉ ቡሃቃ ቡሃቃ ሸተተ።

የእናትየዋ ነጠላ... ተዉት።

ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። ቤት ገብቼ ቦርሳ ሳላወርድ ስልክ ጮኸ። «እርሾው ደረሰ?» «ደርሷል።» እንዲህ አልኳት። ውሸት ነው? ደርሷል እኮ፣ ሁለት ጣቱ።

ሌላው ጥፋት ከመሄዴ በፊት የሠራሁት ነው፤ ቡሃቃውን በሳሙና ፈትጌ አጥቤ ሄድኩ። ንጹሕ ልጅ! ሳይታጠብ የሚቀረው የሊጥ ቅሪት ራሱ እርሾ ነው፤ እሱ ቢኖር ሁለቱ ጣት ይበቃኝ ነበር። የሻገተ ከሆነ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ ጸጉር ካበቀለ፣ ያኔ ሁሉም ይደፋ። ላዩ ላይ ጠቆር ያለ ውሃ ብቻ ከሆነ ግን ውሃውን ደፍቶ መጠቀም ይቻላል።

ድንቹን ረሳሁት። ደግሞ አሥር ኪሎ ድንች ሰጥታኛለች። ለአንድ ሰው! በረንዳው ላይ እየበቀለ ነው።

ምን እያልኩ ነበር... አዎ። ጎን ያሉት እትዬ አንድ ብርጭቆ ጨመሩልኝ። ለሁለት ኪሎ ጤፍ አንድ ብርጭቆ ከግማሽ በቂ ነው፤ ውሃው ሦስት ሊትር ገደማ፣ መጀመሪያ ጥቂት ብቻ አድርጎ በደንብ ማሸት፣ ከዚያ ማቅጠን። የእምዬ ሕግ «ሦስት ቀን ተወው» ነው። የእሷ ሕግ ለኮሶበር ነው። እዚህ ጣና ዳር በሚያዝያ ሁለት ቀን ይበቃዋል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ይሆመጥጣል። አራት ዓመት ሙሉ በሦስት ቀን ስጋግር «ካርታ» የወጣው ለዚህ ይሆን? ወይም አብሲቱ ነው፣ በፈላ ውሃ የሚበስለው ሊጥ።

አብሲቱን ስሙኝ። ላዩ ላይ የጠለለውን ቢጫ ውሃ መጀመሪያ አጥልሉ፣ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ከሊጡ ግማሽ ሊትር ያህል አንስታችሁ በሚፈላ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ላይ ጨምሩ፣ እጃችሁ ሳያርፍ አማስሉ። እንደ አጥሚት ወፈር ሲል አውርዱና ለብ እስኪል ጠብቁ። ትኩሱን ከደፋችሁት እርሾውን ይገድለዋል፣ ዓይን የለም። አብሲት ካነሰ እንጀራው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ከበዛ ይጣበቃል። መልሳችሁ ቀላቅሉና ኩፍ እስኪል ተዉት። ኩፍ ሲል ነው ምጣድ የሚሰካው፣ አይዘገይም።

ይኼን ሁሉ አድርጌ ትናንት ጋገርኩ። ማሟሻው ተጣለ፣ ሁለተኛው ወጣ። ግን የማን ነው? ሁለት ጣቱ የእምዬ፣ አንድ ብርጭቆው የእትዬ። ቀመስኩት፤ የቤቱን ነገር ፈለግኩበት፣ ያገኘሁ መሰለኝ፣ ከዚያ ጠፋኝ። ምናልባት ውሃው ነው። ምናልባት ምንም አይደለም።

ማታ ደወለች። «ጋገርክ?» «ጋገርኩ።» «ዓይን አለው?»

አለው አልኳት። እሱ እውነት ነው፣ ዓይን አለው። በሰኔ እመጣለሁ ብላለች... ስትቀምሰው...

ቆይ፣ መብራት መጣ። ኩፍ ያለ ሊጥ አለኝ፣ ሳይወርድ ምጣዱን ልሰ—