ማሾ፣ የከሰል ካውያና ዳንቴል የለበሰው ሬዲዮ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ እንግዶች፤

በዚህ የአሮጌ የቤት ዕቃዎች ዐውደ ርእይ መክፈቻ ላይ እንድናገር ስጋበዝ፣ አዘጋጆቹ ስለ ቅርስ ክብር እንዳወራ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔን ግን እነዚህ ዕቃዎች የሚያስደስቱኝ በክብራቸው ሳይሆን በአመላቸው ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጠባይ ነበረው፤ ጠባዩን የሚያውቅለት ሰውም በየቤቱ አይጠፋም ነበር።

ማሾን እንመልከት። ብርሃኑን ለማግኘት በመጀመሪያ ስፒርቶ አንድዶ ቱቦውን ማሞቅ፣ ቀጥሎ ላምባው ሽቅብ እንዲወጣ ደጋግሞ አየር መንፋት፣ ከዚያም ላምባው በሙቀት ተንኖ በመረቧ ውስጥ እስኪቀጣጠል ፊትን ሸሸት አድርጎ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ይህችን መረብ በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. የፈለሰፋት ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ የተባለ ኦስትሪያዊ ኬሚስት ነው። ጨርቋ በቶርየምና በሴርየም ጨዎች የተነከረች በመሆኗ፣ መጀመሪያ ስትለኮስ ክሩ ተቃጥሎ ያልቅና በጋለ ጊዜ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ፣ ጣት ሲነካው ግን የሚፈርስ ስስ ቅርጽ ብቻ ይቀራል። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ድንኳን ማሾ የማብራት ሥልጣን ለማንም ሰው የማይሰጠው በዚህ ምክንያት ነበር። የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እየተመኘ፣ የሚጠራው እጁ የተመሰከረለት አንድ ሰው ነው።

የከሰል ካውያም ከዚህ አይተናነስም። ሆዱ ተከፍቶ ፍም ይጎርሳል፣ ክዳኑ ይቆለፋል፣ ፍሙ እንዲግል ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ልብሱ ላይ ደግሞ ውኃ በአፍ ይረጫል። አንዲት የአመድ ቅንጣት በነጭ ሸሚዝ ላይ ብታርፍ የሚከተለውን ቁጣ እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት ይመስለኛል። ከፊት ያለውን መቆለፊያ ልብ ብላችሁ እዩት፤ በአውራ ዶሮ ቅርጽ የተሠራ ነው። ዶሮው ባይኖርም ካውያው ይተኩስ ነበር። እኔን የሚማርከኝ ይኸው ትርፍ ነገር ነው፤ አንድ ሠራተኛ ማንም ሳያስገድደው ለብረት ጨዋታ ጨምሮበታል።

ሬዲዮው ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ ስለነበር፣ ከቤቱ ልጆች ይልቅ የሚከበረው እርሱ ነበር ማለት ይቻላል። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን ከመጡ በኋላ የዳንቴሉ ሥራ ሳይበዛ አልቀረም። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ፀሐይዋ ባትሪውን ባትሞላውም፣ ሙቀቱ በውስጡ የቀረውን ኬሚካላዊ ሂደት ለጥቂት ጊዜ ስለሚያፋጥነው የምሽቱን ዜና ለመስማት ያደርሳል። ሳይንሱን ሳይማሩ በልምድ የደረሱበትን እናቶች ሳላደንቅ አላልፍም።

ኩራዝን ግን በትዝታ ስም ላሞግሰው አልችልም። ከተጣለ ቆርቆሮ ኩራዝ የሚያወጡት የምናለሽ ተራ ባለሙያዎች ጥበብ የሚደነቅ ቢሆንም፣ ጭሱ የስንቱን ተማሪ ዓይን እንዳስለቀሰ፣ አፍንጫውንም በጥላሸት እንዳጠቆረ መዘንጋት የለብንም። አሮጌ ሁሉ ውብ አይደለም።

አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። በየዕቃው ሥር ያሉት ካርዶች ስሙንና የተሠራበትን አገር ብቻ ይናገራሉ፤ እንዴት እንደሚሠራ፣ ሲያስቸግር ምን ይደረግለት እንደነበርና በቤቱ ውስጥ የማን ኃላፊነት እንደነበረ ቢጨመርበት መልካም ነው። ይህን የሚያውቁ እናቶችና አባቶች ዛሬ በመካከላችን ስላሉ፣ ጽሑፉን ነገ ሳይሆን አሁኑኑ ከአፋቸው መቀበል ይቻላል።

አሁን ወደ ግቢው እንውጣ፤ ማሾው ይበራል። እባካችሁ መረቧን የሚነካ አይኑር፤ መለዋወጫ አልተገኘም።