ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ

የተከበራችሁ የአበባ ፎቶ ማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶቻችን፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

ዘንድሮ ከመካከላችን ብዙ ሰው ጥቁር ለብሷል። እናቱን የቀበረ አለ፣ ባሏን የቀበረች አለች፣ ልጅ ያጣም አለ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሐዘንና ስለ አበባ ፎቶ ላውራችሁ።

አና አትኪንስን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በ1799 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ የተወለደች ናት። በ1843 የባሕር አረም ምስሎቿን በመጽሐፍ መልክ ማውጣት ጀመረች፤ በፎቶግራፍ የተሠራ የመጀመሪያው መጽሐፍ እሱ ነው ይባላል። ስሟ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ይህን ነው። እኔን የሚነካኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

እናቷ የሞቱት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ያሳደጓት አባቷ ጆን ጆርጅ ቺልድረን ናቸው፤ የሳይንስ ሰው ነበሩ፣ በብሪቲሽ ሙዚየምም ሠርተዋል። አና የሠራችበትን፣ ምስሉ ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣበትን የፎቶ ዘዴ በ1842 የፈለሰፈው ጆን ኸርሼል ወዳጃቸው ነበር። እኚህ አባት በ1852 መጀመሪያ ላይ አረፉ። አና ክፉኛ ተጎዳች። በዚያው ዓመት በበጋቸው ወራት የልጅነት ጓደኛዋ አን ዲክሰን መጣችና አብራት ሰነበተች።

ልብ በሉ፤ በእኛ ቢሆን ሰልስቱም፣ አርባውም፣ ሰማንያውም ካለፈ በኋላ ማለት ነው። ሰው ሁሉ ወደየጉዳዩ ከተበተነ በኋላ።

ሁለቱ ሴቶች ቁጭ ብለው ሠሩ። ፈርን የሚባለውን አበባ የሌለው ቅጠላም ተክልና አበባ እየለቀሙ በዚሁ ዘዴ ወረቀት ላይ አተሙ። በ1853 እና በ1854 ከእጃቸው የወጡ አልበሞች አሉ፤ የ1853ቱ ዛሬ ሎስ አንጀለስ፣ ጌቲ ሙዚየም ይገኛል። በዚያው በ1853 አና የአባቷን የሕይወት ታሪክ ጽፋ በግሏ አሳትማለች። ሐዘኑ አልለቀቃትም ነበር። እኔም አበባ ማተም ሐዘንን ያድናል አልላችሁም።

ለአዲስ አባላት አሠራሩን ልንገራችሁ። ካሜራ አያስፈልግም። ብረት ያለባቸው ሁለት ኬሚካሎች በውሃ ይሟሟሉ፤ ደብዘዝ ባለ ብርሃን በብሩሽ ወረቀት ላይ ይቀባሉ፤ ጨለማ ውስጥ ይደርቃሉ። አበባው ይጋደምበታል፣ መስታወት ይጫንበታል፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል። በእኛ የቀትር ፀሐይ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። ብርሃን ያገኘው ሰማያዊ ይሆናል፤ አበባው ያረፈበት ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አደይ አበባን ሞክሩት። ቅጠሎቹ ስስ ናቸው፣ ትንሽ ብርሃን ያሳልፋሉ። ስለዚህ መሐሉ ድፍን ነጭ ሲሆን ቅጠሎቹ ፈዛዛ ሰማያዊ ይወጣሉ፤ ደህና ከተጫኑ መስመራቸው ሳይቀር ይታያል። ጽጌረዳ ያስቸግራል። ወፍራም ስለሆነ ከወረቀቱ ከፍ ይላል፤ ብርሃን ከሥሩ ይገባና ዳሩን ያደበዝዘዋል። ቅጠሉን ነጥሎ መጽሐፍ ውስጥ ማድረቅ ይሻላል።

ለቅሶ ቤት ሄደን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እንላለን። መልካም ነው፣ አይቅርብን። ግን ድንኳኑ ተነስቶ ወንበሩ ወደ እድሩ ሲመለስ ቤቱ ጭር ይላል። ለዚያ ጊዜ የሚደርስ ሰው ማኅበራችን ሊኖረው ይገባል ባይ ነኝ።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሐዘን የደረሰበት አባል ሲኖር፣ ከሰማንያው በኋላ፣ ወይም ቤተሰቡ እንደየእምነቱ የሐዘኑን ወግ ሲጨርስ፣ ሁለት ሰው ወረቀትና መስታወት ይዞ ቤቱ ይሂድ። ግቢው ውስጥ ካለው አበባ አብረው ይሥሩ። ሟች በእጃቸው የተከሉት ካለ ከሱ ይጀመር። ሐዘንተኛው ማውራት ካልፈለገ አይወራ፤ ወረቀቱን ቢያጥብ ይበቃል። ሄደን አንድ ቀን ሠርተን እንዳንጠፋ ግን አደራ። አን ዲክሰን ሰንብታለች።

የኬሚካሉንና የወረቀቱን ወጪ ለከሰዓት በኋላው ስብሰባ አጀንዳ አስይዤዋለሁ። ድጋፍም ተቃውሞም ያላችሁ ተዘጋጅታችሁ ግቡ። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ። አመሰግናለሁ።